‹‹ጤና ይስጥልኝ›› ሲባል ሰጪው ማን ነው? ከሐይቅና ከአምባሰል የሚሰሙ የሰላምታና የምስጋና ቃላት ሲፈተሹ

‹‹ጤና ይስጥልኝ›› የሚለውን ሰላምታ በሬዲዮ፣ በስብሰባ፣ በስልክ፣ ከትልልቅ ሰዎች አፍ ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? እስቲ ዛሬ ቆም ብላችሁ እንደ ሰዋስው ጥያቄ እዩት። ‹‹ይስጥ›› ግስ ነው፤ ግስ ደግሞ ባለቤት ይፈልጋል። ታዲያ ሰጪው ማን ነው? የሚሰጠውስ ለማን ነው? መጨረሻው ላይ ‹‹ኝ›› ስላለ ‹‹ለእኔ ነው›› እንዳንል፣ ጤናውን የምንመኘው ለሰላምተኛው እንጂ ለራሳችን አይደለም።

ቁልፉ ያለው ‹‹ል›› በምትለው አንዲት ፊደል ላይ ነው። ‹‹ጤና ይስጠኝ›› ብል ተቀባዩ እኔ ነኝ። ‹‹ጤና ይስጥልኝ›› ስል ግን ‹‹ለእኔ ሲል፣ በእኔ ፈንታ ይስጥ›› ማለቴ ነው። ሙሉው ሐሳብ ‹‹ፈጣሪ ለአንተ ጤና ይስጥልኝ›› ነው። ሰጪውም ተቀባዩም ተነሥተው ስጦታው፣ ግሱና ያቺ ‹‹ልኝ›› ብቻ ቀርተዋል።

ይህ ባዶ ቦታ በአጋጣሚ የተፈጠረ ሊመስል ይችላል። ወደ ደቡብ ወሎ፣ ወደ ሐይቅና አምባሰል አካባቢ ስንሄድ ግን ትልቅ ሥራ ሲሠራ እናያለን። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ሰላምታችን እንዴት እንደተገጣጠመ እንፍታው። ሙያዬ ምህንድስና ስለሆነ፣ አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ስፈልግ ፈትቼ ማየት ይቀናኛል።

ጊዜ የሚቆጥር ሰላምታ

ጀርመንኛ ‹‹ጉተን ሞርገን››፣ እንግሊዝኛም ‹‹ጉድ ሞርኒንግ›› ሲል ያለንበትን ጠዋት ስም ጠርቶ መልካም ይለዋል። አማርኛ ግን የሚጠይቀው ስላለፈው ነው። ጠዋት ‹‹እንዴት አደርክ?›› ስንል ስለ ሌሊቱ፣ ከሰዓት በኋላ ‹‹እንዴት ዋልክ?›› ስንል ስለ ቀኑ፣ ማታ ‹‹እንዴት አመሸህ?›› ስንል ስለ ምሽቱ ነው። ቀናት ካለፉ ‹‹እንዴት ሰነበትክ?››፣ ወራት ካለፉ ደግሞ ‹‹እንዴት ከረምክ?›› ይባላል።

ስለዚህ ሰላምታችን ‹‹ከተያየን ምን ያህል ጊዜ ሆነ?›› የሚለውንም ይመዘግባል። ትናንት ያገኘኸውን ሰው ‹‹ከረምክ›› ብትለው ይስቅብሃል፤ ስድስት ወር የጠፋብህን ሰው ‹‹አደርክ›› ብቻ ብለህ ብታልፈው ሳይቀየምህ አይቀርም። ኮምፒውተር እያንዳንዱ መልእክት ላይ ሰዓት ይለጥፋል፤ አማርኛ ደግሞ ሰዓቱን ግሱ ውስጥ አስገብቶታል።

‹‹ከረመ›› የሚለውን ቃል ልብ በሉት። ሥሩ ከ‹‹ክረምት›› ጋር አንድ ነው። በደጋው አገር ክረምት ማለት ወንዝ የሚሞላበት፣ መንገድ የሚጨቀይበት፣ ጎረቤት ቀበሌ እንኳ የሚርቅበት ወቅት ነው። ያንን አልፈው የተገናኙ ሰዎች ‹‹እንዴት ከረምክ?›› ቢባባሉ አይገርምም። ዛሬ አዲስ አበባ አስፋልት ላይ የሚኖር ሰው ቃሉን በበጋም ይጠቀምበታል፤ ዝናቡ ቀርቶ ርዝመቱ ብቻ ተርፏል።

ስንብቱም የሚሠራው በእነዚሁ ግሶች ነው፦ ደህና እደር፣ ደህና ዋል፣ ደህና አምሽ፣ ደህና ሰንብት። ማታ የተሰናበትንበትን ግስ ጠዋት በጥያቄ እንመልሰዋለን። ‹‹ደህና እደር›› ብዬህ ነበር፤ ‹‹እንዴት አደርክ?›› ብዬ ምኞቴ መድረሱን አጣራለሁ።

ይህ አሠራር የአማርኛ ብቻ አይደለም። ከሐይቅ ተነሥታችሁ በደሴና በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደቡብ ብትወርዱ፣ ከሚሴ ላይ በኦሮምኛ ‹‹አካም ቡልተ?›› ትባላላችሁ፤ ‹‹እንዴት አደርክ?›› ማለት ነው። ወደ ሰሜን ወልድያን አልፋችሁ ማይጨው ብትደርሱ በትግርኛ ‹‹ከመይ ሓዲርካ?›› ይሏችኋል፤ እሱም ያው ነው። ኦሮምኛ የኩሽ፣ አማርኛና ትግርኛ የሴም ቋንቋዎች ናቸው። ቢሆንም ለረጅም ዘመን ጎን ለጎን የኖሩ ቋንቋዎች ቃሉን ባይዋዋሱ እንኳ የአነጋገር ቅርጹን ይጋራሉ። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ቻርልስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1968 እና 1969 በኢትዮጵያ በተካሄደው የቋንቋ ጥናት ከተሳተፉት አንዱ ነበር። አገራችንንና አካባቢዋን እንደ አንድ ‹‹የቋንቋ ቀጠና›› የሚያየውን ሐሳብ ያስፋፋውም እሱ ነው።

‹‹እንዴት አደርክ›› እና ‹‹እንደት አደርህ››

አሁን ልዩነቱን እንይ። በአዲስ አበባ ‹‹እንዴት አደርክ?›› የሚባለው በሐይቅና በአምባሰል ገጠር፣ እንደ ብዙው የጎንደርና የጎጃም ገጠር ሁሉ፣ ‹‹እንደት አደርህ?›› ይሆናል። የተለወጡት ሁለት ድምፆች ናቸው፤ ‹‹ዴ›› ወደ ‹‹ደ››፣ ‹‹ክ›› ወደ ‹‹ህ››።

ከተሜ ጆሮ ይህን ሲሰማ ‹‹የተበላሸ አማርኛ›› ሊመስለው ይችላል። እንፈትሸው። በግዕዝ የሁለተኛ መደብ ወንድ መድረሻ ‹‹ከ›› ነው፤ ‹‹ነበርከ›› ይላል። አዲስ አበባ ‹‹ክ››ን ይዛ ቆይታለች። ሰሜኑ ደግሞ ድምፁን ወደ ጉሮሮ አላልቶ ‹‹ህ›› አድርጎታል። ይህ መላላት አዲስ ነገር አይደለም፤ ፊደላችን ራሱ ምስክር ነው። ‹‹ኸ››ን ከ‹‹ከ›› ጋር አስተያዩት፤ ራሷ ላይ ጭረት የተጨመረባት ‹‹ከ›› ናት። ጥንት የላላውን ‹‹ከ›› ለመጻፍ የተበጀች ፊደል ነች።

ደግሞ አዲስ አበባም ብትሆን ሙሉ በሙሉ በ‹‹ክ›› አትናገርም። ‹‹አደርክ›› ብሎ የጀመረ ሰው ማታ ላይ ‹‹አመሸህ›› ይላል፤ ‹‹አመሸክ›› አይልም። ግሱ በአናባቢ ሲያልቅ የከተማውም ‹‹ክ›› ይላላል። በቀድሞው የመጻሕፍት አማርኛ፣ ለምሳሌ በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም፣ ‹‹አደረግሁ፣ አደረግህ›› የሚለው አጻጻፍ የተለመደ ነው። እንግዲህ ‹‹አደርህ›› የሚለው የአምባሰል ገበሬ ስህተት አልሠራም፤ እንዲያውም ለመጽሐፉ የሚቀርበው እሱ ነው።

ሌላው ልዩነት ‹‹አንቱ›› ነው። በሐይቅ ገጠር ሽማግሌን ‹‹አንቱ፣ እንደት አደሩ?›› ማለት ሙሉ አክብሮት ነው። አዲስ አበባ ግን ለአክብሮት የለመደችው ‹‹እርስዎ››ን ስለሆነ፣ ‹‹አንቱ›› ሲባል አንዳንዱ ከተሜ ቅር ሊለው ይችላል። ግሱ ግን በሁለቱም ‹‹አደሩ›› ነው፤ ክብሩ ግሱ ውስጥ አለ። ያው ከተሜ አንድን ታዋቂ ሐኪም ሲያደንቅ ‹‹አንቱ የተባለ ሐኪም›› ይላል። በራሱ አነጋገር ውስጥ የቀረው የድሮ ክብር አይታወቀውም ማለት ነው።

ዕዳን የሚያስተላልፍ ምስጋና

ወደ ምስጋና እንለፍ። በትምህርት ቤትና በመገናኛ ብዙኃን የምንሰማው ‹‹አመሰግናለሁ›› ነው። የዚህ ግስ ባለቤት ‹‹እኔ›› ነኝ፤ እኔ አንተን አመሰግናለሁ። በገጠር፣ በተለይ ከትልልቅ ሰዎች አፍ የሚወጣው ግን ‹‹እግዜር ይስጥልኝ›› ነው። እዚህ ላይ ባለቤቱ ‹‹እኔ›› አይደለም። ደግ ሠርተህልኛል፤ እኔ ግን መክፈል አልችልም፤ ስለዚህ ዕዳዬን መክፈል ለሚችለው አስተላልፌዋለሁ ማለት ነው። ያቺ ‹‹ልኝ›› አሁንም አለች።

አንድ ግስ ምን ያህል እንደሚመዝን ለአምባሰል ሰው መንገር አያስፈልግም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከአምባሰል ነው። በውሉ 17ኛ አንቀጽ አማርኛው ‹‹ይችላል›› ሲል ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው፤ ጠቡም ከዚያ ተነሣ። የምስጋናው ግስ ጦርነት አያስነሣም፤ ባለቤቱ ሲለወጥ ግን ትርጉሙ አብሮ ይለወጣል።

አሁን ሦስት አባባሎችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የወሎ ክርስቲያን ‹‹እግዜር ይስጥልኝ›› ይላል። የወሎ ሙስሊም ‹‹አላህ ይስጥልኝ››፣ ወይም በዐረብኛው ‹‹ጀዛከላህ ኸይር›› ይላል፤ ትርጉሙ ‹‹አላህ መልካሙን ይመንዳህ›› ነው። በደቡብ ጀርመን ባቫሪያና በኦስትሪያ ደግሞ በተለይ በገጠርና በትልልቅ ሰዎች ዘንድ ‹‹ፈርጌልትስ ጎት›› ይባላል፤ ‹‹እግዚአብሔር ይክፈልህ›› ማለት ነው። ሦስቱም ዕዳውን ወደ ላይ ያስተላልፋሉ።

መልሳቸውም ይመሳሰላል። ‹‹እግዜር ይስጥልኝ›› የተባለ ሰው ‹‹አብሮ ይስጠን›› ይላል። ‹‹ጀዛከላህ›› የተባለ ‹‹ወኢያከ›› ይላል፤ ‹‹ለአንተም›› ማለት ነው። ባቫሪያዊው ‹‹ሴግንስ ጎት›› ብሎ ይመልሳል፤ ‹‹እግዚአብሔር ይባርከው›› ማለት ነው። የተመረቀው ሰው ምርቃቱን ብቻውን ይዞ አይሄድም።

ጎረቤታችን ትግርኛ ደግሞ ‹‹የቐንየለይ›› ይላል፤ ‹‹ያቆይልኝ›› እንደማለት ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው ‹‹ለይ›› የአማርኛዋ ‹‹ልኝ›› እኅት ናት።

ምስጋና በዕድሜም ይለያያል። ልጅ ለታላቁ ‹‹እግዜር ይስጥልኝ›› ቢልም፣ ሽማግሌው እጅ ያስታጠበውን ልጅ ‹‹አመሰግናለሁ›› አይለውም፤ ‹‹እደግ፣ ተመንደግ›› ብሎ ይመርቀዋል። እነዚህ ግሶች ትእዛዝ ይመስላሉ እንጂ ምኞት ናቸው። ልጁም የሚቀበለው ‹‹ምንም አይደል›› በሚል ሳይሆን ‹‹አሜን›› ወይም ‹‹አሚን›› በሚል ነው። የገጠር ሰው ‹‹አመሰግናለሁ›› አይልም ብሎ የሚገረም እንግዳ ካጋጠማችሁ፣ ምስጋናው በምርቃት መልክ እንደመጣ አስረዱት።

ጀርመኖች በመንገድ፣ ወሎዎች በቤት

በጀርመንኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የሰላምታ ልዩነት በካርታ ላይ ይሠመራል። ሰሜን ላይ፣ ሃምቡርግ አካባቢ፣ ጠዋትም ማታም ‹‹ሞይን›› ይባላል። ደቡብ ላይ፣ ሙኒክና ኦስትሪያ ውስጥ፣ ‹‹ግሩስ ጎት›› የተለመደ ነው። ስዊዘርላንድ ‹‹ግሩኤትሲ›› ትላለች። ‹‹ግሩስ ጎት›› በጥሬው ‹‹እግዚአብሔር ሰላም ይበልህ›› ነው፤ ‹‹አንተን›› የሚለው ግን ወድቋል። ከእኛ ሰላምታ ጋር አስተያዩት። አማርኛ ‹‹ጤና ይስጥልኝ›› ሲል ፈጣሪንም ሰላምተኛውንም አውጥቶ ‹‹ልኝ››ን አስቀረ፤ ጀርመንኛ ደግሞ ሰላምተኛውን ብቻ አውጥቶ ፈጣሪን አስቀረ።

በጀርመን የአምላክን ስም የያዘው ሰላምታ በብዛት የሚሰማው በካቶሊኩ ደቡብ ነው። ፕሮቴስታንት በሚበዛበት ሰሜን እምብዛም አይሰማም። ስለዚህ የሰላምታው ድንበርና የእምነቱ ድንበር በመጠኑ ይቀራረባሉ፤ ባቡር ተሳፍረህ ወደ ሰሜን ስትሄድ ሰላምታው ይለወጥብሃል።

ወሎ ላይ ግን ድንበሩ በአገርና በአገር መካከል አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከደቡብ ወሎ ነዋሪዎች 70 በመቶ ገደማው ሙስሊም፣ የቀረው ከሞላ ጎደል ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሐይቅ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ በዚያው ከተማ አዛን ይሰማል። ገበያው አንድ፣ ዕድሩ አንድ፣ ብዙ ጊዜም ቤተሰቡ አንድ ነው። የአንድ ሰው የራሱና የአያቱ ስም ከሁለቱ እምነቶች ቢሆን በወሎ ማንንም አያስገርምም።

እዚህ ሰላምታ ምን ያደርጋል? እንደ መሐንዲስ ሳየው አንድ ቀመር አለ፦ ‹‹___ ይስጥልኝ››፣ ‹‹___ ይመስገን››። ግሱ የጋራ ነው፤ ክፍት ቦታውን እያንዳንዱ በእምነቱ ይሞላዋል። አንዱ ‹‹እግዜር ይመስገን››፣ ሌላው ‹‹አላህ ይመስገን›› ይላል። ‹‹አልሐምዱሊላህ›› ራሱ ‹‹ምስጋና ለአላህ ነው›› ማለት ስለሆነ፣ የዐረብኛውም የአማርኛውም መልስ ያው ነው። ‹‹ሰላም›› እና ‹‹አሰላሙ አለይኩም››ም ከአንድ የሴም ሥር የበቀሉ ናቸው፤ የዕብራይስጡ ‹‹ሻሎም››ም ከእነሱው ወገን ነው።

ክፍት ቦታው ባዶ ሲተው ደግሞ ‹‹ጤና ይስጥልኝ›› ይመጣል። ሰጪው ስላልተጠራ፣ ሰሚው በልቡ የራሱን ስም ይሞላበታል። የመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ ይኸው ነው፦ ሰጪው ማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ በምን ስም እንደሚጠራ ግን መነጋገር አያስፈልጋቸውም።

መዋዋስም አለ። ‹‹አብሽር›› ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ ‹‹ደስ ይበልህ›› ማለት ነው። በወሎ ግን ‹‹አይዞህ›› በሚባልበት ቦታ ሁሉ ይገባል፤ ለሴት ‹‹አብሽሪ››፣ ለብዙ ‹‹አብሽሩ›› እየተባለ እንደ ማንኛውም የአማርኛ ትእዛዝ ይረባል። ቃሉ እንግዳ ሆኖ ገብቶ የቤት ልጅ ሆኗል።

‹‹ደህና›› የሚለው መልስ ምን ይነግረናል?

አንድ ሰው ‹‹ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና? ልጆች ደህና? ከብቱ ደህና?›› እያለ ሲደረድር፣ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል፦ ደህና፣ ደህና፣ ደህና። ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው የመረጃ ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ አስቀድሞ የሚታወቅ መልስ የያዘው መረጃ ዜሮ ገደማ ነው። ታዲያ ለምን እንጠይቃለን?

ሁለት ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት መረጃ ከመላካቸው በፊት ብዙ ጊዜ ‹‹ባለ ሦስት ደረጃ መጨባበጥ›› ያደርጋሉ። አንዱ ‹‹አለህ?›› ይላል፤ ሌላው ‹‹አለሁ፤ አንተስ?›› ይላል፤ የመጀመሪያው ‹‹እኔም አለሁ›› ይላል። እስካሁን አንድም ቁም ነገር አልተላለፈም፤ ግን መስመሩ በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚሠራ ተረጋገጠ። ‹‹እንደት አደርህ?›› ‹‹እግዜር ይመስገን፤ እናንተስ?›› ‹‹አልሐምዱሊላህ›› የሚለውም ያው ሦስት ደረጃ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከዚያም በላይ ተግባብተዋል፦ ማን በየትኛው ስም እንደሚያመሰግን ታውቋል፤ ጨዋታውም በዚያው ይቀጥላል።

ኮምፒውተሮች ሌላም ልማድ አላቸው። የሚነጋገሩት ባይኖራቸውም በየተወሰነ ጊዜ አጭር ምልክት ይላላካሉ፤ ‹‹የልብ ምት›› ይባላል። ምልክቱ ራሱ ዜና የለውም። ዜና የሚሆነው ሲቋረጥ ነው። አማርኛ ይህን ከኮምፒውተር በፊት ያውቀዋል፤ ‹‹ሰላምታ ነሳኝ›› የሚለው አባባል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡ። ሺህ ጊዜ የተሰጠ ሰላምታ ምንም ያልተናገረ ይመስላል፤ አንድ ቀን ሲቀር ግን መንደሩ በሙሉ ይሰማዋል።

ካልተመዘገበ አይታወቅም

የአምባሰል ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ በመጀመሪያው ወር ‹‹እንደት››ን ወደ ‹‹እንዴት››፣ ‹‹አደርህ››ን ወደ ‹‹አደርክ›› ቢለውጥ አይፈረድበትም፤ የሚስቅበት ጓደኛ አይጠፋም። አነጋገርን እንደ ቦታው መለወጥ ችሎታ ነው። የሚያሳስበው፣ ለእረፍት ቤቱ ሲመለስ በአያቱ አነጋገር የሚያፍር ከሆነ ነው።

ጉዳዩ የስሜት ብቻ አይደለም፤ የቴክኖሎጂም ነው። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ፕሮግራም የሚያውቀው ያሰሙትን ብቻ ነው። የስቱዲዮ አማርኛ ብቻ የሰማ ማሽን የሐይቅ እናት ስለ ሕመሟ ብትነግረው ግማሹን በስህተት ሊጽፈው ይችላል። ‹‹እግዜር ይስጥልኝ››ን እና ‹‹አላህ ይስጥልኝ››ን ሁለቱንም ‹‹አመሰግናለሁ›› ብሎ የሚተረጉም ማሽንም፣ ማን ማንን እንደመረቀ ይሰርዛል።

ጀርመኖች ይህን ሥራ የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። ጌኦርግ ቬንከር እ.ኤ.አ. በ1876 አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን በመጠይቅ ለመምህራን ልኮ ‹‹በአካባቢያችሁ አነጋገር ጻፉልኝ›› አለ፤ ሥራው ሲሰፋ ከ40,000 በላይ ከሆኑ ቦታዎች መልስ ተሰበሰበ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ደግሞ ሽቴፋን ኤልሽፓስና ሮበርት መለር የዕለት ተዕለቱን ጀርመንኛ በኢንተርኔት መጠይቅ እየሰበሰቡ ካርታ ይሠራሉ። በዚህ ዓይነት ካርታ ላይ ትክክል ወይም ስህተት የሚባል ቀለም የለም፤ የት ምን እንደሚባል ብቻ ነው የሚታየው።

ለእናንተ የሚሆን ሥራ እነሆ። አምስት ሰዎች ምረጡ፤ ቢቻል አንድ አያት፣ አንድ ነጋዴ፣ አንድ ተማሪ ይኑሩበት። አራት ጥያቄ ጠይቋቸው፦ ጠዋት ጎረቤትን ምን ትላላችሁ? ለዓመት የጠፋን ሰውስ? ውኃ ያቀበለ ልጅ ምን ይባላል? ‹‹እግዜር ይስጥልኝ›› ወይም ‹‹አላህ ይስጥልኝ›› ስትባሉ ምን ትመልሳላችሁ? መልሱን ሳታርሙ፣ እንደተባለ ጻፉት፤ ‹‹እንደት›› ከተባለ ‹‹እንደት›› ብላችሁ። ከጎኑ የቀበሌውን ስምና የሰውዬውን ዕድሜ አስፍሩ። ፈቃድ ካገኛችሁ በስልካችሁ ቅዱት።

አምስት ሰው በጣም ትንሽ ነው። ከሐይቅ አንድ፣ ከውጫሌ አንድ፣ ከመርሳ አንድ ተማሪ ቢያደርገው ግን በአንድ መንገድ ላይ ሦስት ነጥቦች ይኖሩናል። ካርታ የሚጀመረው እንዲህ ነው። ጠይቃችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ምስጋናችሁን በእነሱው አነጋገር መልሱላቸው።